የሰሚው ዕዳ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ተረት ስለ መረዳዳት በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። ተረቱን የፈጠረው ሰው ከሸክም ሁሉ መርጦ ሎሚን ማንሣቱ ግን ብዙም ልብ አይባልም። ሎሚ ቢታይ የማያሳፍር ሸክም ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይሸተታል፣ በጥምቀት ዕለት ለወደዱት ይወረወራል። ሸክሙ ሎሚ መሆኑ ቀርቶ ሌሊት እየባነነ የሚጮህ፣ ከትምህርት ቤት በየጊዜው የሚባረር፣ እናቱ ላይ እጁን የሚያነሣ፣ አንዳንዴም በገዛ ራሱ ላይ የሚጨክን ልጅ ሲሆን፣ ለሃምሳ ሰው ማካፈሉ ያው ጌጥ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች እንዲህ ላለው ልጅና ለቤተሰቡ የሚደረገው እርዳታ በአንድ ባለሙያ ሳይሆን በጉባኤ እንዲታቀድ ሲደረግ ቆይቷል። እናትና አባት፣ ልጁ ራሱ፣ መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ምናልባትም ከፍርድ ቤት የተመደበ ተቆጣጣሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ዕቅድ ያወጣሉ። በአሜሪካ አሠራሩ ከሚጠራባቸው ስሞች የታወቀው «ራፕ አራውንድ» የሚለው ነው። ቃሉ ሲፈታ ዙሪያውን መጠቅለል ማለት ነው፤ ብርድ የመታውን ልጅ በጋቢ እንደ መጠቅለል። ስሙ መሸፈንን ይናገራል፤ የሥራው መጀመሪያ ግን መግለጥ ነው። ቤተሰቡ ከመሸፈኑ በፊት ገበናውን በሰው ፊት መዘርጋት አለበት። የነገሩ ሁሉ ክብደት ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ የተወለደው ከመልካም ቁጭት መሆኑ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1982 ጄን ክኒትዘር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት፣ በአገሪቱ ብርቱ የስሜት ቀውስ ካለባቸው ሦስት ሚሊዮን ያህል ልጆች መካከል ሁለት ሦስተኛው ተገቢውን አገልግሎት እንደማያገኙ አመለከቱ። የጥናቱ ርዕስ «ባለቤት ያጡ ልጆች» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ርዕሱ የችግሩን ጠባይ በትክክል ይይዛል። ልጆቹ መሥሪያ ቤት አልጎደላቸውም ነበር፤ እንዲያውም በዝቶባቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ወደ ሐኪም፣ ሐኪሙ ወደ ሕፃናት ደኅንነት፣ ይህኛው ወደ ፍርድ ቤት ይመራቸዋል፤ ሁሉም የየራሱን መዝገብ ይከፍታል፤ «ይህ ልጅ የእኔ ነው» የሚል ግን የለም። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ከቤት ርቆ በተቋም መዘጋት ነበር። የአላስካ ልጆች ለእንክብካቤ ተብሎ ከግዛታቸው ውጭ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተሻግረው ይላኩ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጆን ቫንደንበርግና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ልጆች ወደየመንደራቸው መልሶ እርዳታውን በዙሪያቸው የመገንባት ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በቺካጎ በካርል ዴኒስ ይመራ የነበረው ካላይዶስኮፕ የተባለ ድርጅት ማንንም ላለመመለስ፣ የተቀበለውንም ላለማባረር ደንብ አውጥቶ ሌላው ሁሉ «አልቻልነውም» ያለውን ልጅ ይቀበል ነበር።

የኋላ ኋላ ከሁሉ በላይ ስሙ የተነሣው የዊስኮንሲኗ የሚልዋኪ ከተማ ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሕፃናት ደኅንነቱ፣ የወጣት አጥፊዎች ፍትሕ ቢሮውና የሕክምና መድኑ ለየብቻ ያወጡት የነበረውን ገንዘብ በአንድ ቋት አደረጉት። ነገሩ የሒሳብ ሥራ ይመስላል፤ ግን ገንዘቡ አንድ በሆነ ጊዜ «የእኔ አይደለም» ማለት ትርጉም አጣ። በከተማዋ በማናቸውም ቀን በመኖሪያ ተቋም ተዘግተው ይውሉ የነበሩ 375 ያህል ልጆች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከመቶ በታች ወረደ። ይህ ማለት አሠራሩ በሄደበት ሁሉ ሰመረ ማለት አይደለም። ስሙ ብቻ ተወስዶ ሥራው እንደ ነገሩ በተሠራባቸው ቦታዎች ከተለመደው ክትትል የተሻለ ፍሬ እንዳላሳየ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ከሚሆኑት ነገሮች ሁሉ አስተዋይ ሊባል የሚገባው በጥያቄው ላይ የተደረገው ለውጥ ነው። የቀድሞው ጥያቄ «ይህን ልጅ የት እንላከው?» ነበር። አዲሱ «ይህ ልጅ ምን ጎደለው?» ይላል። አስተባባሪዋ «የምክር አገልግሎት ያስፈልገዋል» የሚል መልስ አትቀበልም፤ ያ አገልግሎት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ «አባቱ ከሄደ ወዲህ ማንም ጥሎት እንደማይሄድ ማወቅ ያስፈልገዋል» ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ጉድለት ክሊኒክ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ የሚወስደው አጎት ግን ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ሰሚ ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያሻውም። «ምን ጎደለህ?» የእናት ጥያቄ ነው።

ነገር ግን «አባቱ ከሄደ ወዲህ» የምትለው ሐረግ ከየት መጣች? ከእናቲቱ አፍ ነው የመጣችው። ከመውጣቷ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደ ተዋጠች የሚያውቅ የለም።

ገበና ለሚለው ቃል በቂ የእንግሊዝኛ አቻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ምስጢር እንዳይባል፣ ምስጢር የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ገበና ግን የቤት ነው። ነውር እንዳይባል፣ ገበና ነውር ያልሆነውንም ይጨምራል፤ ድህነት፣ ሕመም፣ ባልና ሚስት የተነጋገሩት፣ ትናንት ማታ ሳይበላ የታደረው ሁሉ ገበና ነው። ፈረንጆቹ የግል ጉዳይ የሚሉት የአንድን ሰው መብት ያመለክታል፤ ባለመብቱ ሊተወውም ይችላል። ገበና ግን ከመብት ይልቅ አደራ ይመስላል። እናት የልጇን ገበና ስትገልጥ የራሷን ብቻ አልገለጠችም፤ የልጁን ነገ፣ የእኅቱን ትዳር፣ በአገር ቤት ያለች የአያቱን ስም ጭምር ነው። ስለዚህም «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዝም ያለች እናት ባለሙያው በመዝገቡ ላይ እንደሚጽፈው «ለመተባበር ፈቃደኛ ያልሆነች» አይደለችም። ያላትን ኃላፊነት በምታውቀው መንገድ እየተወጣች ነው።

እስቲ ከናይሮቢ ወይም ከካምፓላ በስደተኝነት ተነሥታ በዋሽንግተን አካባቢ የሠፈረች አንዲት እናት እንበል። ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ጠርቷታል፤ ጉባኤ ይሰበሰባል፤ አስተባባሪዋ ደግ ናት፤ አስተርጓሚም ተመድቧል። በአካባቢው አማርኛ ባዕድ ቋንቋ አይደለም፤ የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተባባሪዋ እንደ ሥልጠናዋ በመጀመሪያ የልጁን መልካም ጎኖች እንድትዘረዝር እናቲቱን ትጠይቃለች። እናቲቱ ዝም ትላለች። ልጅን በፊቱ ማሞገስ ዓይን ያስገባዋል፤ ራስን ማሞገስም ነው። ጥቂት ቆይታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ነው» ትላለች። በወረቀቱ ላይ «ጤናው ጥሩ ነው» ተብሎ ይጻፋል። የተባለው ግን ያ አልነበረም።

ቀጥሎ አስተባባሪዋ አሠራሩ ከሚኮራባቸው መርሆች ወደ አንዱ ትሻገራለች። ጉባኤው በደመወዝተኞች ብቻ መሞላት የለበትም፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የእምነት ወገን ሊጨመር ይገባል፤ ባለሙያው ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳልና። «ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዕድራችሁ ማንን ልጥራ?» ትላለች። ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ሃምሳ ሎሚውን የሚሸከሙት ሃምሳ ሰዎች እነዚሁ ናቸውና። እናቲቱ ግን ክው ትላለች። ገበናዋን ከማን ስትደብቅ ኖረችና? ከማታውቀው ከአሜሪካዊው ሐኪም አይደለም፤ እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ከምትቆምበት ዐውደ ምሕረት፣ በየወሩ መዋጮዋን ከምትከፍልበት ዕድር፣ በስልክ አገር ቤት ድረስ ወሬ ከሚደርስላቸው ዘመዶች ነው እንጂ። የሩቁ ሰው ቢሰማ የሚያወራበት ሰፈር የለውም። የቅርቡ ሰው ግን አለው። በስደት ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው፤ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ የተቀደደ ነገር አይሰፋም።

ይህ ፍርሃት ከሁሉ በላይ የሚያርፈው በአስተርጓሚው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚውን እንደ ስልክ ሽቦ ያየዋል፤ ድምፅ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። እናቲቱ ግን የምታየው ሰው ነው። ስሙን ስትሰማ የየት አገር ሰው እንደሆነ ትገምታለች፤ በአነጋገሩ የተማረ መሆኑን ትለያለች፤ ምናልባት ባለፈው ሰርግ ላይ አይታዋለች። በምስጢር ጠባቂነት ቃለ መሐላ እንደሚታሰር ቢነገራትም መሐላው በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት ስምንት ሰዎች ሰባቱን አትፈራም። ስምንተኛውን፣ ቋንቋዋን የሚያውቀውን፣ ትፈራለች። አስተርጓሚ በሌለበት ደግሞ ከዚህ የከፋው ይመጣል፤ ልጁ ራሱ ስለራሱ የሚባለውን ለእናቱ እንዲያስተረጉም ይደረጋል። በአሜሪካ ለሕክምና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዳያስተረጉም መከልከሉ ትክክል ነው።

እንግዲህ ገበና ፈጽሞ አይገለጥ ማለት ነው? አይደለም። ባህሉ ራሱ ገበና የሚገለጥበትን ሥርዓት ሠርቷል፤ እርሱም ሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ልጅ ከአባቱ ሲቃቃር፣ ሽማግሌ ይጠራል፤ ለማንም ያልተነገረው ለእርሱ ይነገራል። ሽማግሌ ገበና እንዲሰማ የሚያስችለው ዕውቀቱ ወይም ዕድሜው ብቻ አይደለም። ከሰማ በኋላ መውጫ የለውም። የታረቁት ሰዎች ዳግመኛ ቢጣሉ ይጠራል፤ የያዘው ምስጢር ቢወጣ እርሱ ይዋረዳል፤ ዕርቁ ቢፈርስ ፊቱን የሚያዞርበት ሌላ ሰፈር የለውም። በሌላ አነጋገር፣ የሰማው ነገር በእርሱ ላይ ዕዳ ሆኗል። ገበናውን የገለጠው ሰው ባዶ እጁን አልቀረም፤ ገበናውን ሰጥቶ ባለዕዳ ገዝቷል።

በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ባለሙያዎች መመዘን ያለባቸውም በዚሁ ሚዛን ነው። ምን ያህል ተማሩ፣ ምን ያህል አዘኑ ከሚለው በፊት፣ ከሰሙ በኋላ ይቆያሉ ወይ? አስተባባሪዋ በስድስት ወር ሥራ ትለቃለች፤ አዲሷ መዝገቡን ታነባለች፤ ካነበበችም በኋላ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ትላለች። እናቲቱ አንዱን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ትናገራለች። በሦስተኛው ጊዜ ያ ነገር የቤቷ ገበና መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ቅጽ መሙያ ሆኗል። ይህን ማንም እንደ በደል አይቆጥረውም፤ ሕግም አልተጣሰም፤ ሠራተኛ ሥራ የመልቀቅ መብት አለው። ቢሆንም በደል ነው። ዕዳው ሳይከፈል ባለዕዳው ጠፍቷል።

የአሠራሩ መሪዎች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በ2004 የአሠራሩን ዐሥር መርሆች በጽሑፍ ባሰፈሩበት ጊዜ ከመርሆቹ አንዱን «ጽናት» ብለውት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያን ቃል አንሥተው «ያለ ቅድመ ሁኔታ» በሚለው ተኩት፤ ቡድኑ ልጁንና ቤተሰቡን አይወቅስም፣ አይጥልም የሚል ፍቺም ሰጡት። ለላይ ለላዩ አንባቢ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ጽናት ግን የሠራተኛ ጠባይ ነው፤ ሊኖር ላይኖርም ይችላል። «ያለ ቅድመ ሁኔታ» ቃል ኪዳን ነው። መሥሪያ ቤት እንደ ሰው ቃል ኪዳን መግባት ይችላል ወይ የሚለው ብርቱ ጥያቄ ነው፤ በጀት በየዓመቱ በሚጸድቅበት ቦታ «አልጥልህም» ማለት ቀላል አይደለም። ሆኖም ቃል ኪዳኑን ለመግባት የማይችል ጉባኤ ገበና የመጠየቅ መብቱ ከየት ይመጣል? ያን የማይችል ጉባኤ በልጁ ትምህርትና በሕክምና ቀጠሮው ላይ ቢወሰን፣ ከዚያ በላይ ባይቆፍር ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ግን ለገበና የሚከራከር ሰው አንገቱን ሊደፋ የሚገባበት ነገር አለ። በገበና ስም ስንት ልጅ ተቀብሯል? የተደበደበች፣ በዘመድ የተደፈረች ልጅ «የቤት ገበና ነው» ተብላ ዝም እንድትል የተደረገችበት ቤት ቁጥር ስፍር የለውም። የሽምግልናውም ታሪክ ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ አጥፊውንና ተበዳይዋን አስታርቆ ወደ አንድ ጣሪያ የመለሰ ሽማግሌ ሞልቷል። ሲፈጠር ልጅን ከብርድ እንዲጠብቅ የነበረው ሽፋን በዚያን ጊዜ መገነዣ ይሆናል። ስለዚህ በአሜሪካ ሕግ መምህሩና ሐኪሙ በልጅ ላይ ጉዳት መድረሱን ከጠረጠሩ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ ያለባቸው በከንቱ አይደለም። ጥፋቱ ግዴታው መኖሩ ሳይሆን ዘግይቶ መነገሩ ነው። እናት አፏን ከመክፈቷ በፊት «ይህን ይህን እንይዘዋለን፤ ይህን ግን ልንይዘው አንችልም» መባል አለባት። ሽማግሌም ቢሆን ደም የፈሰሰበትን ነገር ብቻውን አይዘውም ነበር።

ለአንባቢ ቀረብ ካለ ስፍራም አንድ ነገር ማንሣት ይቻላል። በካኩማና በዳዳብ ወላጅ ሳይኖረው ለተገኘ ስደተኛ ልጅ ከማን ጋር ይኑር፣ ወደ ሌላ አገር ይሂድ አይሂድ የሚለውን ከልዩ ልዩ ድርጅቶች የተውጣጣ ጉባኤ ይወስናል፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ መመሪያ አውጥቷል። ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ልጁን ሳይሆን ስለ ልጁ የተጻፈውን ነው። ልጁ ታሪኩን ቀደም ብሎ ለአንድ ጠያቂና ለአንድ አስተርጓሚ ይናገራል፤ አስተርጓሚውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰፈር የሚኖር ስደተኛ ነው። ጉባኤው ወስኖ ይበተናል። ልጁ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ግን ሁሉን የሰማውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ ሁሉ ሰሚ በአጠገቡ የቀረው ባለዕዳ፣ ምንም የመክፈል አቅም የሌለው እርሱ ብቻ ነው።

ከጉባኤዎች ሁሉ ገበናን በሚገባ የተረዳው ምናልባት የኒውዚላንዱ ሳይሆን አይቀርም። የማኦሪ ልጆች በብዛት ከቤታቸው እየተወሰዱ በባዕድ እጅ ማደጋቸውን ተከትሎ ጆን ራንጊሃው የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1986 ብርቱ ወቀሳ ያዘለ ሪፖርት አቀረበ፤ በ1989 የወጣውም ሕግ የቤተ ዘመድ ጉባኤን የውሳኔው ማዕከል አደረገው። በዚያ ጉባኤ ባለሙያዎቹ መጥተው የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ይወጣሉ። ቤተሰቡ ካልጠየቃቸው በቀር የሚመካከረው ብቻውን ነው። በጉባኤው የተባለው ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ሕጉ ይከላከላል። ባለሙያ ዕውቀቱን ሰጥቶ የሚወጣበት፣ ገበናው ግን ከባለቤቶቹ ጋር የሚቀርበት በር መሆኑ ነው። አሠራሩ በአሜሪካና በአውሮፓም በየመልኩ ተወስዷል።

ያቺ እናት እንዲህ ያለ በር ቢገጥማት ምን ይሆናል? ባለሙያዎቹ ወጥተዋል። በሩ ተዘግቷል። እናት፣ አጎት፣ አክስት፣ ልጁ ቀርተዋል። አስተርጓሚውም መዝገበ ቃላቱን ሰብስቦ ሊወጣ ይነሣል፤ ቤተሰቡ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ እርሱ ምን ያደርጋል? እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ታገኛለች፤ በገዛ ቋንቋዋ መናገር ትጀምራለች፤ አጎትየው ይመልሳል፤ አክስት ታለቅሳለች። ልጁ ግን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያል። ስድስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ አማርኛው «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ና» ከሚለው ብዙም አይርቅም። ስለ እርሱ የሚባለውን ግማሹን አይሰማም፤ በልቡ ያለውን ደግሞ ለእናቱ የሚነግርበት ቋንቋ የለውም። አስተርጓሚው እጁን በበሩ እጀታ ላይ እንዳደረገ ልጁ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይለዋል። እናቲቱ «ምን አለ?» ትላለች።